ምላስ የሚይዝ ድንጋይ

እትዬ ራህመት ሰምታ ያመጣችው ወሬ እንዲህ ነው፤ ዘንድሮ ከቆቅ አምባ ለእርማት የሚሄደው ሰው ሰባት ነው። ስድስት አይደለም፣ ስምንትም አይደለም፣ ሰባት። የነገረቻት የንባብ ቤቱን ወለል የምትወለውለው ሴትዮ ናት። ሴትዮዋ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብላ ስትወለውል ሁለት አንባቢዎች ከበላይዋ ሆነው ሲያወሩ ሰማች። ወለል የሚወለውል ሰው ጆሮ ያለው አይመስላቸውም።

«ወላሂ ሰባት ነው ያሉት» አለች ራህመት፣ አፏን በአጥሩ ቀዳዳ አሹልካ። «ከኔ ሰማሁ እንዳትይ ግን።»

«ታዲያ ከማን ሰማሁ ልበል?» አለች እማማ ዝናሽ።

«ከማንም አትበይ! ዝም በይ!»

ለእማማ ዝናሽ ዝም በይ መባል ቅጣት ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከሦስተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አልረገጠችም፤ የሰፈሩን ወሬ ግን ከነቀኑ ከነሰዓቱ ታውቃለች። በሌላ ቀን ቢሆን ይቺን ወሬ ይዛ፣ ሰባቱንም ዘጠኝ አድርጋ፣ ምሳ ሳይደርስ አምስት ቤት ታዳርስ ነበር። ያን ቀን ግን «እሺ» ብላ ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋች።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ንባቡ ቅዳሜ ነው። ገና ማንም ሳይነበብ ሰባት መሆኑ እንዴት ታወቀ ብላ አልጠየቀችም። ራህመትም አልጠየቀችም። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

እማማ ዝናሽን ያስፈራት ሌላ ነው። ቤቷ ውስጥ የተሰነጠቀ ድንጋይ ነበር።

በ2076 ዓ.ም. ሰው ሁሉ ድንጋይ ነበረው። የክርስቲያኑ ልጅ ክርስትና በተነሳ ማግስት፣ የእስላሙ ልጅም ስም በወጣለት ማግስት፣ አንባቢ ቤት ድረስ መጥቶ አንገቱ ላይ ያስርለታል። ባቄላ ታህላለች፤ መልኳ ወተት ነው፤ አራት የመዳብ ጥፍሮች ጨብጠው ይይዟታል። በር ድንጋይሽን አሳዪኝ ይላል። ቧንቧው አሳዪኝ ይላል። ወፍጮ ቤቱ፣ አውቶቡሱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅና የመስጊዱ ደጅ ሳይቀሩ አሳዪኝ ይላሉ። ሰው ጠዋት ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ» ካለ በኋላ «ድንጋይሽስ እንዴት አደረ?» ይላል። መልሱ «ተመስገን፣ ነጭ ነው» ነው።

ሕጉ ሦስት ነው። አታውሱ። አትሽጡ። ውሃ አታስነኩ። የሦስተኛው ምክንያት ተነግሮ አያውቅም፤ ሰውም ለምዶታል። ገላውን የሚታጠብ ድንጋዩን ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ድንጋያቸውን ወደ ጀርባቸው አዙረው ያጥባሉ። ድንገት ዝናብ ከጣለ መንገደኛው ሁሉ ጭንቅላቱን ትቶ ደረቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል፤ ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም ልቡን ያመመው ይመስላል።

ልጆች ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ በዜማ ይሉታል፤ «ድንጋዬ ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ ረድፍ አለው፤ ረድፉ እኔ ነኝ።» ነገሩ እንዲህ ነው አሉ። ኳርትዝ ክሪስታል ነው። ክሪስታል ማለት ደግሞ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ተሰልፈው፣ እያንዳንዷ ቦታዋን አውቃ፣ ከጎረቤቷ ጋር ተያይዛ፣ ከዳር እስከ ዳር ያው አንዱ ሰልፍ ሳይዛነፍ ሲደጋገም ነው። የሰውየው ስም፣ ዘሩ፣ በሽታው፣ የተናገረው፣ ሊናገር አስቦ የተወውም ጭምር እዚያ ሰልፍ ውስጥ ይጻፋል ይባላል። ሰው ሲበላሽ ረድፉ ይዛባል። በዓመት አንዴ፣ በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የሁሉም ይነበባል። ረድፉ የተዛባበት ለእርማት ይሄዳል።

ለእርማት ሄዶ የተመለሰ የለም። ነጭ አውቶቡስ አለች፤ መጋረጃዋ ያምራል። ሰውየው በሄደ በሦስተኛው ቀን የቤቱ በር ስሙን ይረሳል። በሳምንቱ ጎረቤት ይረሳዋል፤ ወይም የረሳ ይመስላል።

የእማማ ዝናሽ ልጅ ደምሴ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ሹፌር ነበር፤ በታጠረው ገደል ውስጥ ድንጋይ የሚጭን ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ያ ገደል ድሮ የእማማ ዝናሽ አባት ወገባቸውን በገመድ ታስረው ኦፓል የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ የሚቆፍሩበት ነው። ከታጠረ ሃምሳ ዓመት አለፈው። ቆፋሪዎቹ አንድ በአንድ አለቁ፤ መኪናው ግን ከዚያ አጥር ውስጥ መጫን አላቆመም። አንድ ቀን ደምሴ ምሳ ሊበላ መጣና ጉርሻውን እንደያዘ ጠየቃት።

«እምዬ፣ አያቴ ዕውር ድንጋይ የሚሉት ምን ዓይነቱን ነበር?»

«ነጩን ነዋ» አለችው። «ቀለም የማይጫወትበትን። ኦፓል ሆኖ የማይረባውን። መልሰው ገደል ነበር የሚጥሉት።»

ደምሴ ምሳውን አልጨረሰም። የዚያን ዓመት ንባብ ላይ ረድፉ ተዛብቷል ተባለ።

ከደምሴ የቀረቻት ልጁ ኤልዳና ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ውሃ ማከፋፈያ ትሠራለች፤ ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ ያሳደገቻትም አያቷ ናት። ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ የደጁ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። ድንጋይዋም ደረጃው ጠርዝ ላይ አረፈች። ገብተው በመስኮት ብርሃን ሲያዩዋት ፀጉር የምታህል መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አለችባት።

ኤልዳና ስለ ጉልበቷ አልጮኸችም። ድንጋይዋን አይታ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሐሙስ ታመምኩ ብላ ከሥራ ቀረች። ራህመት ደግሞ ሐሙስ ነው «ሰባት» የሚለውን ይዛ የመጣችው። እማማ ዝናሽ በሩን ከዘጋች በኋላ ልጅቷን አየቻት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ቆቅ አምባ ውስጥ ሦስት መቶ ቤት አለ። ከሦስት መቶ ቤት ሰባት ሰው። አንዷ ይቺ ብትሆንስ?

ቢላዋ አነሳችና ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ድንጋይዋን አወጣች። አባቷ ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ ሲያጋጥማቸው ውሃ በቆርቆሮ ሞልተው ይነክሩታል። ስንጥቁ ከመሄድ ይቆማል፤ ደግሞም ይደበቃል። ገዢው ስንጥቁን የሚያየው ደሴ ደርሶ ድንጋዩ ሲደርቅ ነው፤ ያን ጊዜ አባቷ ገንዘቡን ጨርሰውታል። እማማ ዝናሽ ይቺን ጨዋታ በልጅነቷ ስታይ ነው ያደገችው። ለኦፓል የሚሠራ ነገር ለኳርትዝ ይሠራ እንደሆነ አላሰበችም። ሕጉንም ለጊዜው ረሳችው። ብርጭቆ ውሃ ሞላች፣ ድንጋይዋን ጨመረች፣ ብርጭቆውን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀች።

ዓርብ ጠዋት ሣጥኑን ስትከፍት ብርጭቆው ባዶ ነበር።

ውሃው አለ። ድንጋይዋ የለችም።

«ኤልዳና!» ብላ ልትጮህ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ማን ገባ? በሩ ማንንም አላስገባም፤ ቢያስገባ ስሙን ይናገር ነበር። ቀለጠች እንዴ? ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ይዛ አዞረችው። ከታች በኩል ምንም የለም። ጣቷን ከተተች። የሆነ ነገር ነካት። ጠንካራ፣ ቀዝቃዛ፣ ባቄላ የምታህል። በጣቷ ይዛታለች፤ በዓይኗ ግን አታያትም።

ከውሃው ስታወጣት ድንጋይዋ እንደ መስታወት ሆናለች። ወተቱ የለም። በውስጧ የራሷ የእማማ ዝናሽ የአውራ ጣት መስመር ይታያል።

ኤልዳና ከኋላዋ ቆማ ነበር።

«ምን አደረግሽኝ እምዬ?» አለች። በቀስታ ነው ያለችው። «ረድፌ የት ሄደ?»

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ።»

«ውሃ አስነካሽው? እኔን ውሃ ውስጥ አሳደርሽኝ?»

 ልጅቷ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ዝናብ የመታት ሰው ይመስል። እውነትም የሆነ ነገር ከውስጧ የፈሰሰ መስሏታል። ፊቷ አመድ ሆኗል። እማማ ዝናሽም ለአንድ አፍታ በልጅቷ አልፎ ግድግዳው የሚታያት መሰላት፤ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ኤልዳና ሙሉ ሰው ሆና ቆማለች፤ ሻሿ ብቻ ተንሸራቷል።

ሴትዮዋ ሲጨንቃት እጇ ሥራ ይፈልጋል። ድንጋይዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ሳታስበው ወደ አፏ ወስዳ ላሰቻት። ይሄ የቆፋሪ ልጅ ልማድ ነው። ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ድንጋይ ፊቷ አፍስሰው «ለዪ» ይሏት ነበር አባቷ፤ እሷም በምላሷ ነበር የምትለየው። ኳርትዝ እንደ ጥርስ ለስላሳ ነው፣ ምላስ አይይዝም። ኦፓል ግን ሲደርቅ ይጠማዋል፤ ምራቅ ይመጥጣል፤ ምላስን ጨምድዶ ይይዛል። የጠገበው ደግሞ ወተቱን ጥሎ እንደ መስታወት ይጠራል።

የጠገበው።

እማማ ዝናሽ ቀስ ብላ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ኳርትዝ ውሃ አይጠጣም። ሺህ ዓመት ወንዝ ውስጥ ቢቀመጥ ያው ነው። የሚጠጣ ድንጋይ አንድ ብቻ ታውቃለች።

የራሷን ድንጋይ ከአንገቷ አነሳች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ድንጋይዋን ካሰረች አርባ አምስት፤ በአርባ አምስት ዓመት አንድ ቀን ወደ አፏ አስጠግታት አታውቅም። አሁን ምላሷን አወጣችና አስነካቻት።

ድንጋይዋ ምላሷን ያዘቻት።

ትርንጎ የጨው ሱቅ አላት። ከእማማ ዝናሽ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፤ የትርንጎ አባት የኦፓል ደላላ ነበሩ፤ እነዚያን ውሃ ውስጥ ያደሩ ድንጋዮች እየገዙ ደሴ ላይ የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ስልሳ ዓመት ሙሉ ይዋደዳሉም፣ ይነካከሳሉም። እማማ ዝናሽ ዓርብ ጠዋት ሱቁ ስትደርስ ገዢ አልነበረም። የትርንጎን ድንጋይ ከነክሩ ጎትታ አፏ ውስጥ ከተተች።

«ምን ነካሽ አንቺ! አበድሽ? ምላስሽን ከድንጋዬ ላይ አንሺ!»

«ያዘኝ» አለች እማማ ዝናሽ፣ ምላሷ እንደወጣ።

«ምን?»

«ያንቺም ያዘኝ። ላሺው ራስሽ።»

ትርንጎ ልትሳደብ ነበር። የጓደኛዋን ዓይን ስታይ ተወችው። ሱቋን ከውስጥ ዘጋች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች፣ ድንጋይዋን ላሰች።  የደላላ ልጅ ናት፤ ሁለቴ መላስ አላስፈለጋትም።

«ዕውር» አለች ትርንጎ።

«ዕውር» አለች እማማ ዝናሽ።

«አባትሽ ገደል የሚጥሉት።»

«እሱኑ።»

«ኦፓል ረድፍ አለው እንዴ?»

እማማ ዝናሽ አታውቅም። ኤልዳና ግን ታውቅ ነበር፤ ትርንጎ የልጅቷን ድንጋይ ነገር ሰምታ፣ አንድ ፌስታል ጥሬ ጨው ይዛ ቤት ድረስ መጥታ ስትጠይቃት መለሰች። ኤልዳና ትምህርቷን ጨርሳለች፤ የድንጋይ ትምህርት ደግሞ ዋናው ነው፤ በቃሏ ይዛዋለች።

«ኦፓል ክሪስታል አይደለም» አለች። «ትንንሽ ኳሶች ናቸው፤ እንደ ጤፍ ክምር። በመሃላቸው ውሃ አለ። ቅንጣቶቹ ዝም ብለው የተደፉ ናቸው፤ አልተሰለፉም። ሰልፍ ስለሌለው ምንም ሊጻፍበት አይችልም ተብሎ ነው የተማርነው።» እዚህ ላይ የገዛ ቃሏን ሰማችው። «ምንም» አለች ደግማ።

 ውጭ የራህመት ዶሮ ይንጫጫል።

«ይሄን መናገር የለብንም» አለች እማማ ዝናሽ። ይሄን ቃል ከአፏ የሰማ ሰው በቆቅ አምባ ትርንጎ የመጀመሪያዋ ናት።

«መጀመሪያ ይቺን ልጅ እናድን» አለች ትርንጎ። «ድንጋይዋ ተመልሳ ለመንጣት ስንት ቀን ይፈጅባታል?»

«አራት። አምስት።»

«እሳት ዳር ብናስጠጋትስ?»

«ትፈነዳለች። አባትሽ አንዱን እንዲያ አድርገው ዓይናቸውን ሊያጡ አልነበረም?»

«አባትሽ እርጥብ ባይሸጡላቸው ምን ያደርቃሉ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄ ክርክር ግማሽ ቀን ይወስድ ነበር። አሁን ግን ቶሎ አለቀ። ንባቡ ነገ ነው። ከንባብ የቀረ ሰው ሳይነበብ ተዛብቷል ይባላል። ባዶ ጥፍር ይዞ መሄድም አይቻልም። ትርንጎ ፌስታሉን ፈታችና አንድ ትልቅ የአፋር ጨው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። በቢላዋው ጀርባ መታ አደረገችው። ጨው ዝም ብሎ አይፈረፈርም፤ ሲሰበር ጎኑ ልሙጥ ሆኖ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ሣጥን ነው የሚወጣ። ያንኑ ሣጥን ደግማ መታችው፤ ከውስጡ ትንሽ ሣጥን ወጣ። ደግማ፤ የሱም ልጅ ሣጥን ነው። ባቄላ እስኪያህል ድረስ እንዲህ አሳነሰችው። መልኩ አልተለወጠም።

«ይሄ ረድፍ አለው» አለች ኤልዳና፣ ሳታስበው። «በደንብ ነው ያለው። ጨው ክሪስታል ነው።»

«እንግዲያው ከኛ ይሻላል» አለች ትርንጎ። ማዕዘኑን በሞረድ አለዘበችውና ጥፍሮቹ መሃል አስገብታ ጨበጠችው። ነጭ ነው። ከሩቅ ያምራል።

በበሩ እንሞክረው ተባለ። ኤልዳና ወጥታ ተመለሰች። እማማ ዝናሽ ከውስጥ ሆና የልጅቷን እርምጃ ቆጠረች። በሩ ትንሽ አሰበ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ኤልዳና ደምሴ» አለ በሩ። «ድንጋይሽ ነጭ ነው።»

ትርንጎ ሳቀች። እማማ ዝናሽም ሳቀች። እሷ ደግሞ ተንኮል ሲመጣላት መተው አትችልም። ጨውን አወጣችና አንድ የሽምብራ ቆሎ ጥፍሩ ውስጥ ሰካች። «ሂጂ እስቲ፣ ሂጂ።» ኤልዳና ወጥታ ተመለሰች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ኤልዳና ደምሴ። ድንጋይሽ ነጭ ነው።»

ትርንጎ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እማማ ዝናሽም አብራት ጀመረች። ኤልዳና ግን አልሳቀችም፤ በሩ ላይ ቆማ አንገቷ ላይ ያለችውን ሽምብራ ትመለከታለች።

«ስሜን መዳቡ ነው የሚያውቀው ማለት ነው» አለች። «ድንጋዩን ግን አያየውም። አይቶት አያውቅም።» ቀና አለች። «ታዲያ በየዓመቱ የሚያነቡት ምንድን ነው?»

ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። እማማ ዝናሽ ሽምብራዋን አውጥታ ጨውን መለሰች። ጥፍሮቹን ስትጨብጥ ደምሴ ያን ጉርሻ ይዞ ጥያቄ የጠየቀበት ፊት መጣባት። ዕውር ድንጋይ ምን ዓይነቱ ነበር? እሷ ናት የነገረችው። በጥሩ አማርኛ አድርጋ፣ መልኩን ሳይቀር።

ቅዳሜ ጠዋት ቆቅ አምባ ታጥባ ለብሳ ንባብ ቤት ሄደች። ሰው ለንባብ ነጠላውን ያወጣል። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወለሉ ያበራል፤ ከፊት ለፊት አንዲት ወጣት አንባቢ ነጭ ጓንት አድርጋ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ ከበላዩ መብራት ያለበት ሳህን አለ። ስም ይጠራል፤ ሰውየው ክሩን አውልቆ ድንጋዩን ሳህኑ ላይ ያኖራል፤ ግድግዳው ላይ ረድፍ ይወጣል፣ ጥርት ያለ፣ የሚያምር፣ እንደ ጥልፍ። አንባቢዋ አይታ «ቀጥ ያለ ነው» ትላለች። ሰውየው ትንፋሹን ይለቃል። «ቀጥ ያለ ነው።» «ቀጥ ያለ ነው።» አንዳንዴ ግን ጥልፉ አንድ ቦታ ላይ ይጎብጣል። «ተዛብቷል» ትላለች፤ ያው በዚያው ድምፅ። ያ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም፤ በግድግዳው ጥግ ካለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ማንም አያየውም። እሱን እንዳያዩ ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ።

እማማ ዝናሽ ተነበበች፤ ቀጥ ያለ ነው። ትርንጎ ተነበበች፤ ቀጥ ያለ ነው። ራህመትም ተነበበች፤ ቀጥ ያለ ነው። ሲጨርሱ መውጣት አይፈቀድም፤ የተነበበው ሁሉ ከኋላ ቆሞ ይጠብቃል።

እማማ ዝናሽ አግዳሚዋ ላይ ያሉትን መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ። ሁለት፣ እሁድ ሰርግ ያላት ልጅ። ሦስት። አራት። ከሰዓት ሲሆን አምስት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ሃምሳ ሰው ተነበበ፤ ሃምሳውም ቀጥ ያለ ነው። አርባ ሰው ቀረ። ሠላሳ። ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። አግዳሚዋ ላይ በስድስተኛው ሰው አጠገብ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ነበር። እማማ ዝናሽ ከዚያች ቦታ ላይ ዓይኗን ማንሳት አቃታት። ሰባት ነው ያሉት። ሐሙስ ዕለት። ወለሉ ሲወለወል። እንግዲህ ያን ጊዜ ያልጠየቀችውን አሁን እዚያው ቆማ ጠየቀች፤ ራሷን፣ በሆዷ። መልሱም መጣላት፤ ሰባቱ የተመረጡት ገና ሳይነበቡ ነው።

«ኤልዳና ደምሴ።»

ልጅቷ ሄደች። ክሩን በራሷ ላይ አውጥታ ጨውን ሳህኑ ላይ አኖረችው። መብራቱ ዝቅ አለ። እማማ ዝናሽ ቀጥ ያለ ነው የሚለውን ቃል በከንፈሯ ቀድማ አለችው፤ አንባቢዋ ከሷ እንድትቀበል ይመስል።

ግድግዳው ላይ ረድፉ ወጣ። ያምራል። ከመሃል ትንሽ ወረድ ብሎ ጎበጠ።

«ተዛብቷል» አለች አንባቢዋ። ከዚያ ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ሰው ቀጠለች። «ኳርትዙ ንጹሕ ነው። ረድፉ በሦስተኛው ፊት ላይ ተዛብቷል። መዛባቱ ከአባት የወረደ ነው፤ ምልክቱ አንድ ነው። ጥያቄ የማብዛት ዝንባሌ ይታያል። ለእርማት።» ጓንቷን አስተካከለች። «ወደዚያ ተቀመጪ እህቴ።»

ኤልዳና ዞራ አያቷን አየቻት።

እማማ ዝናሽ ልትናገር ፈለገች። ዕድሜዋን ሙሉ ቃል አጥሯት አያውቅም፤ ለሞተውም፣ ለተጋባውም፣ ለተጣላውም የምትለው ነበራት። አሁን አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ላይ ያቺ ድንጋይ የተጣበቀች መሰላት። ጨው ነው ብትል ልጅቷ ሕግ አፍርሳለች። ዝም ብትል ልጅቷ ሄደች። ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ከበሩ ተነስተው በእርጋታ መምጣት ጀመሩ። ውጭ የነጯ አውቶቡስ ሞተር ተነሳ።

ከአጠገቧ ትርንጎ ተንቀሳቀሰች።

ሴትዮዋ ስታነክስ ነው የምትሄድ፤ ግራ እግሯን ያማታል። ነጠላዋን እየሰበሰበች፣ ሱቋ ውስጥ ሚዛን ልታይ እንደምትሄድ ሁሉ፣ ሳትቸኩል እስከ ፊት ድረስ ሄደች። ማንም አላስቆማትም፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሳይጠራ የሚሄድ ሰው ታይቶ ስለማይታወቅ እንዴት እንደሚያስቆሙት አላወቁም። ከሳህኑ ላይ ጥፍሩን አነሳችው።

«እናቴ፣ አይነካም» አለች አንባቢዋ።

ትርንጎ ምላሷን አወጣችና ላሰችው። ሁለቴ። ቀስ ብላ አጣጣመችው። ከዚያ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ አንባቢዋ አፍ አስጠጋችላት፤ ሦስት መቶ ቤት ሰው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ቅመሺው እስቲ የኔ ልጅ፤ ጨው ነው፣ ከኔ ሱቅ የወጣ! ይሄን ሁሉ ከጨው ላይ ካነበብሽ፣ ደምሴን ከምን ላይ አንብባችሁ ነው የወሰዳችሁት?»

ከኋላ ራህመት ድንጋይዋን ወደ አፏ አስጠጋች።